ለጣና ጉዞ ስናዋጣ የረሳነው ወጪ

 

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይቀየራሉ። "ዶክተር፣ ጉንፋን አልለቅ አለኝ" የሚለው ይቀንስና "ዶክተር፣ ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳር ልንመጣ ነው፣ ምን እንያዝ?" የሚለው ይበዛል። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ አይደለም የምነግራችሁ፤ እኔው ራሴ ተሳስቼ የተማርኩትም አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ነን፣ 11 ሰው። አንዱ ባንክ፣ አንዷ ማስተማር፣ አንዱ ንግድ፣ ሁሉም በየፊናው ተበትኗል። "አንድ ጊዜ እንኳ አብረን ሳንዝናና ልናረጅ ነው" ተባለና በቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። መጀመሪያ የታሰበው ዛንዚባር ነበር። አንዱ የነጭ አሸዋና የሰማያዊ ውሃ ፎቶ ላከ፤ ሁሉም ልብ አደረገለት። የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉና የዶላሩ ሂሳብ ተደምሮ ሲመጣ ግን ግሩፑ ለሦስት ቀን ጸጥ አለ።

ከዚያ እኔ ጻፍኩ። "ደሴት ከሆነ የምትፈልጉት እኔ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። ጣና ላይ ከ30 በላይ ደሴት አለ። ትሮፒክም ከሆነ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ነን፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?" አልኳቸው። ተሳቀ፣ ተወሰነ። ልክ እንደ ዕቁብ በየወሩ ደመወዝ ሲወጣ እያዋጣን አምስት ወር አጠራቀምን። ገንዘብ ያዥ መረጥን። ዝርዝር ወጣ፦ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ጀልባ፣ የገዳማት መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ካሜራ ለሚይዝ ልጅ።

አንዷ ጓደኛችን "ለጤና ነገርስ ትንሽ አንይዝም?" ብላ ጠየቀች። "ኧረ ዶክተር ይዘን እየሄድን!" ብሎ አንዱ መለሰላት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ዘጌ ለመሄድ ሁለት የጀልባ ዋጋ ቀረበልን። ውድ የተባለው ጀልባ ለሁላችንም ላይፍ ጃኬት ነበረው። ርካሹ ስድስት ብቻ ነበረው። ልዩነቱን ለ11 ስናካፍለው በነፍስ ወከፍ የአንድ ምሳ ዋጋ አይሞላም ነበር። ርካሹን ያዝን። ጀልባ ነጂው አዋቂ ሰው ናቸው፤ "ልጆቼ፣ በማለዳ እንውጣ፣ ከሰዓት ሐይቁ አይታመንም" ብለውን ነበር። እኛ ማታ አምሽተን ስለነበር ተኝተን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተነሳን።

ዘጌ ውበቷን አልነግራችሁም፣ ራሳችሁ እዩት። በቡና ደን ውስጥ እየሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳላችሁ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ብቻውን ያስመጣል። ከዚያ ወርደን ጀልባ ስንጠብቅ ሞቀን። አራታችን ጫማችንን አውልቀን ውሃው ውስጥ ገባን። እኔ እስከ ጉልበቴ፣ ሌሎቹ እስከ ወገብ። ደንገሉና ሣሩ መሃል ቆመን ፎቶ ተነሣን፣ ተረጫጨን። አንድ ሰዓት ያህል ቆየን።

ስንመለስ 10 ሰዓት አልፎ ነበር። ንፋሱ ተነሣ። ጣና ሰፊ ነው፣ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ፤ ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ንፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቶሎ ነው የሚመጣው። ውሃ ወደ ጀልባው መግባት ጀመረ። ስድስቱን ላይፍ ጃኬት ዋና ለማይችሉት ሰጠን። ዋና የማይችሉት ግን ስምንት ነበሩ። ማን ይልበስ ብለን የመረጥንባትን ያቺን ደቂቃ ማናችንም አንረሳትም። ያለ ጃኬት የቀረው ጓደኛዬ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ እስከ ባሕር ዳር አልለቀቀኝም። ነጂው ጎበዝ ስለነበሩ በሰላም ደረስን። ማታ አሳ እየበላን ሳቅንበት፣ አለፈ።

አለፈ ብለን ነበር።

ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ውሃው ውስጥ ከገባነው አንዷ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቆዳዋ ላይ ሽፍታ። "ታይፎይድ ነው" ተብላ መድኃኒት ጨርሳለች፣ አልተሻላትም። ሁለተኛ ቦታ ሄዳ ሌላ መድኃኒት ተሰጥቷታል። ክብደቷ ቀንሷል። ለሦስት ሳምንት ከሥራ ቀርታለች። "ዶክዬ፣ ሳንባ ነቀርሳ ይሆን እንዴ?" ብላ አለቀሰችብኝ። የደም ምርመራዋን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ኢዮሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል በጣም ከፍ ብሏል። ይህ ሴል ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው በአለርጂ ወይም በሰውነት ውስጥ ባለ ትል ነው።

ወዲያው የዘጌው ፎቶ ትዝ አለኝ። "ለሐኪሞቹ ጣና ውሃ ውስጥ ገብቼ ነበር ብለሻል?" አልኳት። "አልጠየቁኝም፣ እኔም ምን ያገናኘዋል ብዬ" አለችኝ።

ቢልሃርዚያ ነበር። የመጀመሪያው የሰገራ ምርመራ ምንም አላሳየም፤ በኋላ ሲደገም እንቁላሉ ታየ። ታከመች፣ ዳነች። ለሕክምና ያወጣችው ግን ከጉዞው መዋጮ በእጅጉ ይበልጣል። አራታችንም ተመረመርን። እኔ ምንም አላመመኝም ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ አላተኮሰኝም። የእኔም ሰገራ ውስጥ እንቁላሉ ተገኘ። ስለዚህ በሽታ ፈተና ወስጄ ያለፍኩ፣ ለታካሚዎቼ በየሳምንቱ የማስረዳ ሰው ነኝ!

እንግዲህ ከዚህ የተማርነውን ላካፍላችሁ።

የጣናው ቢልሃርዚያ እንዴት ይይዛል?

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1851 (እንደ ፈረንጆቹ) ካይሮ ውስጥ ትሉን ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በጣና ዙሪያ የምናየው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ነው። የታመመ ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ወደ ውሃ ይገባል። ውሃ ውስጥ ያለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ይወጣና የሰው እግር ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም። መጠጣትም አያስፈልገውም። መንካት ብቻ በቂ ነው።

ቀንድ አውጣዋ የምትወደው ዳር ዳሩን ነው፤ ውሃው የማይፈስበት፣ ሣርና ደንገል ያለበት ቦታ። እኛ ፎቶ የምንነሣበት ማለት ነው። "ውሃው ንጹሕ ነው፣ ጥርት ያለ ነው" ማለት ምንም አይጠቅምም። "ወዲያው በፎጣ ታሽቼ ደርቄያለሁ" ማለትም አስተማማኝ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያኮራ ታሪክ ልንገራችሁ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በ1964 (እንደ ፈረንጆቹ) አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ሲያጠኑ፣ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። እንዶድ ቢልሃርዚያ አስተላላፊዋን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሥራ በ1989 ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት ቅጠላ ቅጠል ነው እንግዲህ። ግን ልብ በሉ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣዋን ነው የሚገድለው። እናንተ ይዛችሁት ብትዋኙ አይከላከልላችሁም፤ ለበሽታውም መድኃኒት ብላችሁ እንዳትጠጡት፣ መርዛማ ነው።

ምን እናድርግ ታዲያ?

ቀላል ነው፦ ዳር ላይ አትግቡ፣ አትዋኙ፣ እግራችሁን ነክራችሁ አትቀመጡ። ከጀልባ መውረጃው ላይ ውሃ መርገጥ ግድ ከሆነ ውሃ የማያስገባ ቦቲ አድርጉ። መዋኘት ከፈለጋችሁ ባሕር ዳር ክሎሪን ያለው የሆቴል መዋኛ አለላችሁ። ከሐይቁ በቀጥታ በተቀዳ ውሃ መታጠብ ካለባችሁ ውሃው ይፍላና ይቀዝቅዝ፣ ወይም በጋን ወይም በታንከር ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ እጩ ሰው ሳያገኝ ያን ያህል አይቆይም።

ሁለተኛው ጉዳይ፦ ወባ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ አለ። ለጉብኝት የሚያምረው ወቅት፣ ማለትም ዝናቡ ቆሞ አደይ አበባ የሚፈነዳበት ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ፣ የወባም ዋና ወቅት ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሰውነቱ ወባን አያውቀውም፣ ስለዚህ ቶሎ ሊጠናበት ይችላል።

አልጋ ስትይዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ዋይፋይ አለ?" ሳይሆን "አጎበር አለ?" ይሁን። ከሌለ ይዛችሁ ኑ፤ ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የወባ ትንኝ የምትናከሰው በብዛት ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ማታ ሐይቅ ዳር ስትቀመጡ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን የያዘች ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ከግሩፑ ውስጥ ካለ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሐኪም ያማክር። የመከላከያ መድኃኒት አለ፤ ግን ለማን የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ነው። ጓደኛችሁ የወሰደውን እናንተ አትውሰዱ።

ሦስተኛው፦ ጀልባው

ጀልባ ዋጋው ብዙ ጊዜ በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። ስለዚህ በዛ ብሎ መሄድ ያዋጣል። ግን "አንድ ሰው ብንጨምር ምን አለበት" እያላችሁ አታጭቁት። ከመክፈላችሁ በፊት ላይፍ ጃኬቱን ቁጠሩ። 11 ሰው ከሆናችሁ 11 ጃኬት፤ አንድም አይጉደል። ዕቃ ላይ ተጥሎ ሳይሆን ተለብሶና ታስሮ። ዋና የሚችለውም ይልበስ፤ በልብስና በጫማ ማዕበል ውስጥ መዋኘት መዋኛ ገንዳ ውስጥ እንደመዋኘት አይደለም።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወይም 1:30 ተነሡ፣ ከሰዓቱ ንፋስ በፊት ተመለሱ። ነጂው "ዛሬ አይሆንም" ካሏችሁ አይሆንም በቃ፤ አትከራከሩ፣ ጉርሻ ጨምራችሁም አታባብሉ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። "ትንሽ እንጠጋና ፎቶ" የሚል ጓደኛ ካላችሁ ዝም አሰኙት። ታንኳ ላይ ሆናችሁማ ጭራሽ አትሞክሩት።

ለዕቅዳችሁ የሚጠቅም አንድ ነገር ደግሞ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ሴትና ወንድ የተደባለቀ ግሩፕ ከሆናችሁ ግማሾቻችሁ ፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ እንዳትጠብቁ ቀድማችሁ እወቁት። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ከከተማው ቅርብ ያለችው ደብረ ማርያም፣ ራቅ ስትል ደግሞ ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ናርጋ ሩቅ ናት፤ ሙሉ ቀን ያዙላት። ፀሐዩም ቀላል አይደለም። ከፍታ ቦታ ስለሆነ ውሃ ላይ ንፋሱ እያቀዘቀዛችሁ ሳታውቁት ያቃጥላችኋል። ኮፍያ ወይም ነጠላ ይኑራችሁ።

አራተኛው፦ የምትጠጡትና የምትበሉት

የታሸገ ውሃ ከከተማ ገዝታችሁ ጫኑ፤ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከሁለት ሊትር አታሳንሱ። ደሴት ላይ ስትደርሱ አይገኝም፣ ቢገኝም ውድ ነው። ፕላስቲኩን ግን መልሳችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ሐይቁ እምቦጩ ራሱ በቂው ነው።

ዘጌ ላይ ቡና ከጋበዟችሁ ያለ ሐሳብ ጠጡ፤ ፈልቶ ነው የሚቀርበው፣ ደግሞም የራሷ የዘጌ ቡና ነው። ጠላውን ግን የተጠመቀበት ውሃ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ በትህትና ይለፋችሁ። አሳ በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ቀረሶም ሆነ አምባዛ ጥሬውን አትሞክሩት። ሦስትና አራት ከረጢት ኦአርኤስ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ተቅማጥ ከያዘ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡና ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም የሚጠጡትን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ ጉዞው ይቅርና ጤና ተቋም ሂዱ።

አምስተኛው፦ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ

አስም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ቢያንስ ለአንድ ሰው ይንገር። ማፈር አያስፈልግም። የአስም መንፊያው ሆቴል ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይሁን። ኢንሱሊን ፀሐይ አይወድም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ሥር ያዙት። መድኃኒቱን ከሚያስፈልጋችሁ ቀን ሦስት አራት ቀን አስተርፋችሁ ያዙ፤ መንገድ ሊዘጋ፣ በረራ ሊሰረዝ ይችላል። መንገዱንም ከመነሣታችሁ በፊት አካባቢው ላይ ላለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ በማታ አትጓዙ።

እንግዲህ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

"ዶክተር፣ በጀት ጉዞ ነው ያልንህ!" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እሺ፣ ቀንሱ። ሆቴሉን ቀንሱ፤ ሦስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ተጋሩ። ምሳውን ቀንሱ፤ በየዓይነቱ ርካሽም ጥሩም ነው። ካሜራ የሚይዘውን ልጅ ተዉት፤ ስልክ አላችሁ። ዘጌ በመኪናም ይደረሳል፣ የሕዝብ ጀልባም አለ፤ የግል ጀልባ ለአንድ ቀን ብቻ ያዙ። እነዚህን ሁሉ ብትቀንሱ የሚጎዳችሁ የለም።

አምስት ነገር ላይ ግን አትቆጥቡ፦ ለሁሉም ላይፍ ጃኬት፣ አጎበር፣ የታሸገ ውሃ፣ ትንሽ የመድኃኒት ቦርሳ፣ እና ከጉዞው በኋላ የሚደረግ ምርመራ። ከመጀመሪያው ወር መዋጮ ጀምራችሁ ዝርዝሩ ላይ ጻፏቸው። መጨረሻ ላይ "ከተረፈ" ካላችሁ አይተርፍም፤ የእኛ አልተረፈም።

ዛንዚባር ይሳካልናል የምትሉም ካላችሁ፣ ከኢትዮጵያ ስትነሡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ። ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቡ፤ አንዴ ከተከተባችሁ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ብዙዎቻችን ጉዞው የሚያልቀው ፎቶው ሲለጠፍ ይመስለናል። በሐኪም ዓይን ግን ገና ነው።

ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ከተመለሳችሁ ወርም ሁለት ወርም ቢያልፍ፣ ለሐኪሙ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ጣና ሄጄ ነበር" ይሁን። ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። የወባ ምርመራ በዚያው ቀን ይደረግ፤ "ነገ ይሻለኛል" ብላችሁ አትደሩ። ራስ የሚያስት፣ የሚያቃዥ፣ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ሽንት መጥቆር ካለ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ውሃው ውስጥ ገብታችሁ ከነበረ፣ ባያማችሁም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። ቶሎ ብታደርጉት ትሉ ገና እንቁላል ስላልጀመረ "ነጻ ናችሁ" ሊላችሁ ይችላል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት በደንብ የሚሠራውም ትሉ ካደገ በኋላ ነው፤ መጠኑ ደግሞ በክብደት ይሰላል። ስለዚህ ከፋርማሲ ገዝታችሁ በግምት አትዋጡ። ካልታከመ ዓመታት ቆይቶ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ በጊዜ ከተገኘ ግን በቀላሉ ይድናል።

በመጨረሻም ይህን አስቡ። እኛ አንድ ሰዓት ገብተን ታመምን፣ ታከምን፣ ተመለስን። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡት እናቶችና ከብት የሚያጠጡት ልጆች በየቀኑ ነው የሚገቡት፤ "አትግቡ" ብሎ ምክር ለእነሱ አይሠራም። ስለዚህ ስትመጡ በየሜዳው አትጸዳዱ፤ የበሽታው ዑደት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሽንት ቤት ካለበት ቦታ ሳትነሡ ተጠቀሙ። እንግድነት በሽታ ትቶ መሄድ አይደለም።

ጓደኞቼ ለዘንድሮም እያዋጡ ነው። ግሩፑ ላይ አዲሱ ዝርዝር ሲለጠፍ የመጀመሪያው መስመር "ላይፍ ጃኬት 11" ይላል። ሁለተኛው "ምርመራ፣ ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ለሁሉም"። የጻፈችው ያቺ ያመማት ጓደኛችን ናት። ዘንድሮ ገንዘብ ያዥ እሷ ሆናለች።

እናንተም የጉዞ ግሩፕ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ እዚያ ላይ ጣሉት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ተራ በተራ እመልሳለሁ።